«ፋብሪካው ቻይና ነው አሉኝ፤ ማንን ልክሰስ?»

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ወንድሜ ደሴ ሸዋ በር ካለ ሱቅ በ350 ብር የስልክ ቻርጀር ገዝቶ አመጣልኝ። አምስት ሳምንት ሠራሁበት። ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፍቶ አመሸና ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ስልኬ እንደተሰካ ነበር። ጓዳ ሆኜ «ጧ» ሲል ሰማሁ። ብቅ ስል መጋረጃው ተያይዟል፤ ወዲያው ኮርኒሱም ያዘ። ጎረቤት በአፈርም በውሃም ተረባርቦ አጠፋልን። ልጆቼ ተርፈዋል፣ አልሐምዱሊላህ። የስፌት መኪናዬ ግን ከነደንበኞቼ ልብስ ነደደ። ባለሱቁን ስንጠይቀው «ያቃጠለው መብራት ኃይል ነው፤ ካልሆነም ፋብሪካው ቻይና ነው፣ እዚያው ሄዳችሁ ክሰሱ» አለን። ደረሰኝ አልሰጠንም። ማንን ልክሰስ? ወይስ ልተወው?

ዘ. ከሐይቅ

መልስ

አብሽሪ እኅቴ። እንኳን ልጆችሽ ተረፉ። ነገሩን ግን እንዳትተዪው።

ከሕጉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቻርጀሩ የት ነው? አልደብቅሽም፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ደሴ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሬዲዮና ስልክ ጠግኛለሁ። በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ቤት በእንዲህ ያለ ቻርጀር ተቃጠለ። እኛ ዘመዶቿ ለመርዳት ተሯሩጠን ቤቱን ጠረግን። ቻርጀሩንም ሶኬቱንም ከአመዱ ጋር ወስደን ቦርከና ዳር ደፋነው። በኋላ ሻጩን ልንጠይቅ ስንል በእጃችን ምንም አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የቀለጠውን ቻርጀር፣ ገመዱን፣ ስልኩንና ሶኬቱን ሰብስበሽ ካርቶን ውስጥ አስቀምጪ። አትጠቢው፣ አትፍቺው፣ ለባለሱቁም እንዳትሰጪው። «ልየውና ልቀይርልሽ» ቢልሽ እንኳ ፎቶውን ብቻ አሳዪው። ሶኬቱ ገና ከግድግዳው ካልተነቀለ ደግሞ እንዳለ ይቆይ። እሳቱ ከቻርጀሩ ውስጥ ተነሣ ወይስ ከላላ ሶኬት ጀርባ የሚለውን ባለሙያ የሚለየው ከዚያ ነው። ፖሊስ ጣቢያ አመልክተሽ ቦታው ታይቶ እንዲመዘገብም አድርጊ።

አሁን ወደ ሕጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። ቁጥር 2085 እንዲህ ይላል፤ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ወትሮው ሲሠራበት ጉዳት ካደረሰ ኃላፊ ነው። አምራቹ የሚያመልጠው ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ነው። መዳቡ የወጣ ገመድ ገዝተሽ ቢሆን ኖሮ ይህን ይመልስልሽ ነበር። የቻርጀር ጉድለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ነው ያለው። ከግድግዳ 220 ቮልት ይገባል፤ ወደ ስልክሽ የሚወጣው አምስት ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሁለቱ እንዳይገናኙ በመካከላቸው በቂ ክፍተትና መከላከያ መኖር አለበት። ርካሾቹን ስፈታ ክፍተቱ በጣም ጠባብ ሆኖ፣ ፊውዝም ሳይኖረው አገኝ ነበር። ይህንን ገዢ ሱቅ ቆሞ እንዴት ያያል?

ባለሱቁ መብራት ኃይል ላይ ማላከኩም ብዙ አያስኬደውም። ቁጥር 2086 «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» በሚል መከራከሪያ ከዚህ ኃላፊነት መውጣት እንደማይቻል ይናገራል። ደግሞስ አይቶ ብቻ እንዴት አወቀ? በ2016 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለ ስልኩ እየነደደ ሲያስቸግረው ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚሆኑትን ሰበሰበ። በምትኩ የሰጣቸውም ነደዱና ስልኩን ጭራሽ አቆመው። ችግሩ ከባትሪዎቹ መሆኑን በዝርዝር የገለጸው በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ያን የሚያህል ኩባንያ ወራት የፈጀበትን፣ ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ሆኖ ሊፈርድ አይገባም።

ኃላፊነቱ የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው የአንቺ ጥፋት ካለበት ነው። ስለዚህ እውነቱን ለራስሽ ቀድመሽ ንገሪው። ትራስ ሥር ነበር? አንድ ማከፋፈያ ላይ ምድጃም ቻርጀርም ተሰክቶ ነበር? ካለ ጠበቃሽ ከአንቺ ይስማው፤ ከተከሳሽ አፍ መስማት የለበትም።

«ቻይና ሄዳችሁ ክሰሱ» ያለሽ በጣም አናዶኛል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በገዛው ዕቃ ለደረሰበት ጉዳት ከአምራቹ፣ ከአስመጪው፣ ከጅምላ ሻጩና ከቸርቻሪው፣ ከሁሉም በአንድነት ወይም ከአንዳቸው፣ ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2020 እ.ኤ.አ. አማዞን ላይ የተሸጠ የላፕቶፕ ባትሪ ሰው ሲያቃጥል፣ «እኔ አገናኝ ነኝ እንጂ ሻጭ አይደለሁም» የሚለውን ክርክር አልተቀበለም። የአንቺው ባለሱቅ ደግሞ ገንዘቡን በእጁ ነው የተቀበለው። ከተከሰሰ ከማን እንዳመጣው ራሱ ይናገራል።

ደረሰኝ አለመስጠቱ የእሱ ጥፋት ነው፤ አንቺን መብት አያሳጣሽም። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ወንድምሽ ምስክር ነው። በቴሌብር ከፍሎ ከሆነ መልእክቱ ስልኩ ላይ ይኖራል። የነደደውንም በዝርዝር ጻፊ፤ መኪናውን፣ የእያንዳንዱን ደንበኛ ልብስ፣ ያለ ሥራ የተቀመጥሽበትን ቀን። የጉዳቱን ልክ ማስረዳት ያንቺ ድርሻ ነው። የዳኝነት መክፈያ ካጣሽ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችያለሽ።

በእኛ ወሎ ነገር መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ፣ ወደ አበጋር ነው። ደስ ይለኛል፤ ባለሱቁ መኪናሽን ከተካልሽ ከፍርድ ቤት ምልልስ ይሻላል። ነገር ግን ካሳ መጠየቂያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ሽማግሌ ተቀምጧል ተብሎ ቆሞ አይጠብቅሽም። ከቀጠሮ ቀጠሮ የሚያመላልሱሽ ከሆነ ክሱን ክፈቺ፤ ከዚያም ቢሆን መታረቅ ይቻላል።

ቻርጀሩ የመጣበት ካርቶን ላይ የአምራቹ ስምና ሞዴሉ፣ አንዳንዴም የአስመጪው አድራሻ ይጻፋል። ወንድምሽ ጥሎት እንዳይሆን ዛሬ ማታ ደውለሽ ጠይቂው።