ጋደም ብለው ለሚነዱት ባለሦስት ጎማ ብስክሌት የቱ ጎማ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጋደም ተብሎ የሚነዳ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት አለኝ። ሁለቱ ጎማዎች ፊት፣ አንዱ ኋላ ነው፤ ሦስቱም 20 ኢንች ናቸው። አስፋልትም፣ ጠጠርና እሾህ ያለበት መንገድም እነዳበታለሁ። የፊቶቹ 1,500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላቸው ጥርሳቸው አለቀ። ምን ዓይነት ጎማ ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። የፊት ጎማ በዚህ ፍጥነት ሲያልቅ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአላይመንት፣ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች ትይዩ ሆነው አለመቆማቸው ነው፤ አዲሱንም እንደዚያው ይበላዋል። መዳፍዎን በጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ያንሸራቱ። ባንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ ሞረድ ከሻከረ፣ ጎማው እየተንከባለለ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን እየተፋቀ ነው የሚሄደው።

ሲለኩ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ ክብደት ሲያርፍበት የጎማዎቹ አቋም ይለወጣል። መሪውን ቀጥ ያድርጉ። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሐል መስመር ላይ፣ ከፊት በኩል በአክስሉ ከፍታ፣ በጠመኔ ምልክት አድርገው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ምልክቶቹ ወደ ኋላ በኩል እስኪዞሩ ብስክሌቱን ገፋ አድርገው ደግመው ይለኩ። ያንኑ ምልክት መጠቀም የሚያስፈልገው ቸርኬው ትንሽ ቢወላገድ እንኳ ልኬቱን እንዳያዛባው ነው። የብስክሌቱ አካል ሜትሩን ከከለከለ ዝቅ ይበሉ፤ ብቻ ሁለቱም ልኬት በአንድ ከፍታ ይሁን።

የፊቱ ርቀት ከኋላው ጋር እኩል ቢሆን ወይም ከኋላው እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ደህና ነው። የዚህ ጎማ ዲያሜትር 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሒሳቡ ይቀልላል፦ ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 8 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል ማለት ነው። ይህን የሚችል ላስቲክ የለም። ለማስተካከል ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን የመሪ ዘንግ ማጥበቂያ ዳዶዎች ያላሉ፣ ዘንጉን ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ፣ እንደገና ይለኩ። ዘንጎቹ ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም እኩል ያዙሩ፤ አለዚያ ቀጥ ብለው ሲነዱ መሪው ተጣሞ ይቀራል።

አሁን ወደ ጎማው። 20 ኢንች የሚለውን ትተው በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን፣ ለምሳሌ 40-406 የሚለውን ያንብቡ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። 451 የሆነውም 20 ኢንች ተብሎ ይሸጣል፤ 406 ቸርኬ ላይ ግን በፍጹም አይገጥምም።

ባለሁለት ጎማ ብስክሌት ሲታጠፍ ይጋደማል፤ የእርስዎ ስለማይጋደም መታጠፊያ ላይ ጎማው በጎኑ ይገፋል። ስለዚህ ትልልቅ ጥርስ ያለውን የተራራ ጎማ ለፊት አልመክርም፦ አስፋልት ላይ ጥርሶቹ እየታጠፉ ይበላሉ፣ መሪውም ይዋዥቃል። ዝናብን ፈርተው ጥርስ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ርጥብ አስፋልት ላይ ግን ልሙጡ ጎማም ይይዛል። ጥርስ የሚጠቅመው ጭቃና ልቅ አፈር ላይ ነው።

አስፋልት ብቻ ቢሆን እንደ ሽዋልቤ ኮጃክ ያለ 35 ሚሊ ሜትር ልሙጥ ጎማ በቂ ነበር። እሾህ ካለ ግን ያስቡበት፤ ሦስት ጎማ በሦስት መስመር ስለሚሄድ እሾህ የማግኘት ዕድሉም ያንኑ ያህል ይበዛል። ለእርስዎ ፊት 40 ወይም 47 ስፋት ያለው፣ እንደ ማራቶን ፕላስ ከጥርሱ ሥር 5 ሚሊ ሜትር የላስቲክ መከላከያ ያለው ይሻላል። ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ይሰማዎታል፤ ከመነዳሪ ከመለጠፍ ግን ይቀላል። መከላከያው መሐሉን እንጂ ጎኑን እንደማይሸፍን አይርሱ።

የኋላው ከፊቶቹ ጋር የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። የሚገፋው እሱ ነው፤ ጠጠር ዳገት ላይ እየተንሸራተተ በባዶ የሚሽከረከረውም እሱ። 50 ሚሊ ሜትር፣ ቀለል ያለ ጥርስ ያለው ያድርጉለት፤ ከመግዛትዎ በፊት በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንደሚተርፍ ያረጋግጡ፤ አለዚያ የገባ ጠጠር ይቀረቀራል።

አየሩን በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ዝቅተኛና ከፍተኛ ልኮች ሳይወጡ ይሙሉ። ለ40 ስፋት አስፋልት ላይ ከ4 ባር፣ ለ50 ጠጠር ላይ ከ2.5 ባር ይጀምሩ። መታጠፊያ ላይ ጎማው ወደ ጎን ሲዋዥቅ ከተሰማዎት ትንሽ ይጨምሩ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ከሳሳ ብስክሌቱ ወደዚያው ይስባል። የፊት ጎማዎቹ የታሰሩት ባንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ከመነዳሪውን ለመቀየር ቸርኬውን መፍታት አያስፈልግም።