ከኬቪኤው ቁጥር በፊት

ልጆች፣ የግዢ መጠየቂያ ላይ «ትራንስፎርመር፣ 1000 ኬቪኤ (የአቅሙ መለኪያ)፣ 1 ፍሬ» ብላችሁ ብቻ ስትፈርሙ የቀረውን አምራቹ በራሱ ልማድ ይሞላዋል። የተለመደው ስሪት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ለሚደርስ ቦታ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት።

ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ ብልጭታም አይከለክልም። በአይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ) ደረጃ፣ ያለ ማራገቢያ በሚቀዘቅዝ የዘይት ትራንስፎርመር ላይ ከ1000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ የቡሺንጎቹ (መስመሩ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባባቸው መከለያዎች) የአየር ክፍተት በየ100 ሜትሩ በ1 በመቶ ይሰፋል። 2400 ሜትር ላይ 3.5 ዲግሪና 14 በመቶ መሆኑ ነው። «ብርዱ ያካክሰዋል» የሚል አይጠፋም። ስለ ሙቀቱ እውነት አለው፤ ለክፍተቱ ግን ብርድ እምብዛም አይረዳም። ስለዚህ ከፍታውን በቁጥር ጻፉ። መስመሩ 15 ይሁን 33 ኪሎቮልትም ሳታረጋግጡ አትዘዙ።

መጠኑን ስታሰሉ የማሽኖቹን ድምር እንዳለ አትውሰዱ። ድምሩ 900 ኪሎዋት ሆኖ አብሮ የሚሠራው 70 በመቶ ከሆነ 630 ኪሎዋት ነው። ፓወር ፋክተሩ (ከኬቪኤው ውስጥ ሥራ የሚሠራው ኪሎዋት ድርሻ) 0.85 ሲሆን 741 ኬቪኤ ይጠይቃል፤ በካፓሲተር ወደ 0.95 ሲወጣ 663። ባለ 800 ኬቪኤውን ትራንስፎርመር የመጀመሪያው 93 በመቶ፣ ሁለተኛው 83 በመቶ ይይዘዋል። ካፓሲተሩ ለነገ ማሽን ቦታ ያተርፍላችኋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ኢምፒዳንሱን ነው፤ ትራንስፎርመሩ ራሱ ከረንትን የሚገታበት መጠን ማለት ነው። ባለ 1250 ኬቪኤ በ400 ቮልት 1804 አምፒር ይሰጣል። ኢምፒዳንሱ 6 በመቶ ከሆነ የሾርት ሰርኪት ከረንቱ ወደ 30 ኪሎ አምፒር ነው፤ 4 በመቶ ከሆነ 45 ይደርሳል። ፓኔሉ ላይ ያለው እስከ 36 ኪሎ አምፒር የሚቆርጥ ብሬከር የመጀመሪያውን ይችላል፣ በሁለተኛው ሊፈነዳ ይችላል። ከነባር ጋር በፓራለል የምታገናኙ ከሆነ ዲዋይኤን 11ን (የጥምጥሞቹ አያያዝ መለያ) ከዲዋይኤን 11 ጋር ብቻ፤ ኢምፒዳንሳቸውም ይቀራረብ።

ዕቃው ሲደርስ ክሬኑ ከማንሣቱ በፊት ሰሌዳውን ከውሉ ጋር አስተያዩ። መተንፈሻው ላይ ያለው ሰማያዊ ሲሊካ ጄል ወደ ሮዝ ዞሮ ከሆነ እርጥበት ጠጥቷል፤ ዘይቱን ሳታስመረምሩ ኃይል አትስጡ። ቮልቴጁ ዝቅ ካለ ታፑን (የጥምጥሙን ዙር ብዛት መምረጫውን) ማስተካከል ይቻላል፣ ግን የተለመደው ታፕ ቼንጀር የሚዞረው ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ነው። ጭነት ላይ እያለ ካዞራችሁት ኮንታክቱ ዘይት ውስጥ ይቃጠላል።