ፕሮ ልግባ ወይስ ኮሌጅ? ለአንድ ወጣት ቴኒስ ተጫዋች የተሰጠ መልስ

ጥያቄው የመጣው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖር የ17 ዓመት ልጅ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ቴኒስ እጫወታለሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከፊል ስኮላርሺፕ ሊሰጠኝ ይፈልጋል። አሠልጣኜ ግን ኮሌጅ ጊዜ ማባከን ነው፣ እንደተመረቅክ ፕሮ (ተከፋይ ባለሙያ ተጫዋች) ግባ ይለኛል። አባቴ ኳስ መምታት ሥራ አይደለም ይላል። እናቴ ሌሊት እየሠራች የምትጥለው እቁብ ሲደርሳት ለጉዞዬ ልትሰጠኝ ትፈልጋለች። ታዋቂው አሜሪካዊ ቴኒስ ተጫዋች ፍራንሲስ ቲያፎ ፕሮ የሆነው በ17 ዓመቱ ነው። እኔስ?»

ወንድሜ፣ ሳላንዛዛ ልንገርህ፤ ኮሌጅ ግባ። ይህን የምልህ ቴኒስ ሥራ አይደለም ብዬ አይደለም። ሥራ ነው፣ ያውም ከባድ ሥራ። በዚህ ከአባትህ ጋር አልስማማም። የፈሩት ነገር ግን እውነተኛ ነው፣ ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ።

ከቲያፎ እንጀምር። የአካባቢያችን ልጅ ስለሆነ ታሪኩን ሁላችንም የራሳችን አድርገነዋል። አባቱ ከሴራሊዮን የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የጁኒየር ቴኒስ ሻምፒዮንስ ሴንተር ሲገነባ በጉልበት ሠራተኝነት ገቡ፣ ኋላም የማዕከሉ ጥገና ኃላፊ ሆኑ። ፍራንሲስና መንታ ወንድሙ የሳምንቱን አብዛኛውን ሌሊት ከአባታቸው ጋር እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ያድሩ ነበር፣ እናታቸው ደግሞ በነርስነት ሌሊት ይሠሩ ነበር። እናትህ ሌሊት የምትሠራ ልጅ ይህን ሰምተህ «እኔስ?» ብትል ምንም አይገርመኝም።

ሲወራ የሚዘለለው ክፍል ግን ይሄ ነው። ቲያፎ በ2013 መጨረሻ ኦሬንጅ ቦውል የሚባለውን ትልቅ የወጣቶች ውድድር ሲያሸንፍ ገና 15 ዓመቱ ነበር። በወንዶች ነጠላ በዚያ ዕድሜ ያን ዋንጫ የወሰደ ከሱ በፊት አልነበረም። ፕሮ በሆነበት በ2015 ክረምት ደግሞ ሚሺጋን፣ ካላማዙ ላይ ከ18 ዓመት በታች የአሜሪካን ሻምፒዮና አሸንፎ ለዩኤስ ኦፕን ዋናው ውድድር ዋይልድ ካርድ (በግብዣ የመግባት ዕድል) አገኘ። በሩ አስቀድሞ ተከፍቶለት ነበር ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ በዚያ ዓመት ፓሪስ ፍሬንች ኦፕንም ኒውዮርክ ዩኤስ ኦፕንም ላይ በመጀመሪያው ዙር ወጣ። በ2016 ዩኤስ ኦፕን ላይ ጆን ኢዝነርን በሰት (በጨዋታው ክፍል) ሁለት ለባዶ እየመራ ቆይቶ በአምስተኛው ሰት ተሸነፈ። በ2017 እዚያው ከፌደረር ጋር እስከ አምስተኛው ሰት ሄዶ ተሸነፈ። የመጀመሪያውን የኤቲፒ (የወንዶች ፕሮ ቴኒስ ማኅበር) ዋንጫ ያነሳው በ2018 ደልሬይ ቢች ላይ ነው። በ2019 አውስትራሊያ ላይ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ከዓለም 29ኛ ሆነ፣ በቀጣዩ ዓመት ግን ወደ 80 አካባቢ ተንሸራተተ። ናዳልን አሸንፎ የዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ የገባው በ2022 ነው፣ ከዓለም አስሩ ውስጥ የገባው ደግሞ በ2023። ስምንት ዓመት ፈጀበት። እሱ ማለት ደግሞ የተሳካለት ሰው ነው!

አሁን ደግሞ ስማቸውን ምናልባት የማታውቃቸውን ሁለት ልጆች ልጥራልህ። የ2014 የዊምብልደን የወጣቶች ፍጻሜ በሁለት አሜሪካውያን መካከል ነበር፣ ኖዋ ሩቢን ስቴፋን ኮዝሎቭን አሸነፈ። ኦሬንጅ ቦውልና ካላማዙ ፍጻሜ ላይ ቲያፎ ያሸነፈውም ይኸው ኮዝሎቭ ነበር። ሁለቱም እጅግ ጎበዝ ልጆች ነበሩ፣ በዕድሜያቸው ከዓለም ጫፍ ላይ የነበሩ። ሩቢን በደረጃ ከ125 በላይ ሳይወጣ ቀረ፣ የኮዝሎቭ ከፍተኛው 103 ነው። ይህን የማነሳው ላሳንሳቸው አይደለም፣ ከዓለም 103ኛ መሆን ትልቅ ነገር ነው። ግን የዊምብልደን የወጣቶች ፍጻሜ የደረሱ ልጆች መቶው ውስጥ መግባት ካቃታቸው፣ «ፕሮ ግባ» የሚለው የአሠልጣኝህ ቃል ብቻውን አይበቃህም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ዋናው እዚህ ነው። ፕሮ ስትሆን የምትጀምረው ከዊምብልደን አይደለም። የምትጀምረው ኤም15 ከሚባሉት ትንንሽ ውድድሮች ነው፣ ቱኒዚያ ሞናስቲር፣ ቱርክ አንታሊያ፣ ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ፣ አሜሪካም ውስጥ አሉ። የጠቅላላው ውድድር ሽልማት 15,000 ዶላር ነው፣ ለሁሉም ተጫዋች የሚከፋፈል። ሳምንቱን ሙሉ አሸንፈህ ዋንጫውን ብትወስድ የሚደርስህ ከ2,000 ዶላር ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። በመጀመሪያው ዙር ብትወጣ ወደ 150 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ የራኬት ክር፣ አሠልጣኝህ አብሮህ ከሄደ ደግሞ የሱንም ጭምር አስብ። የምታገኘው የደረጃ ነጥብም ከ52 ሳምንት በኋላ ይወርድብሃል፣ ስለዚህ ብትታመም ወይም ትከሻህ ቢጎዳ ዝም ብለህ ባለህበት አትቆይም፣ ትወርዳለህ።

ላይኛው ፎቅ ግን ሌላ ዓለም ነው። በ2024 ዩኤስ ኦፕን ዋናው ውድድር ላይ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው እንኳ 100,000 ዶላር ይዞ ሄዷል። እዚያ በደረጃቸው በቀጥታ የሚገቡት ወንዶች ግን 104 ብቻ ናቸው። ኤቲፒም ቤዝላይን የሚባል የገቢ ዋስትና ጀምሯል፤ በ2024 ሲጀመር ዋስትናው እንዲህ ነበር፦ ከመቶው ውስጥ ላሉት በዓመት 300,000፣ ከ101 እስከ 175 ላሉት 150,000፣ ከ176 እስከ 250 ላሉት 75,000 ዶላር። ልብ በል፣ መስመሩ 250 ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ያለው ተጫዋች በራሱ ኪስ ነው የሚኖረው፣ ወይም በቤተሰቡ ኪስ።

በናንተ ቤት ይህ ኪስ የእናትህ እቁብ ነው። እባክህ አትንካው። የእቁቡ ብር ጥቂት ወራት ያዘዋውርህ ይሆናል፣ ከዚያ ያልቃል። አንተ የሚያስፈልግህ ደግሞ ዓመታት ነው። ከዚያም በላይ እያንዳንዱን ነጥብ ስትጫወት «ይህ የእማዬ የሌሊት ሥራ ነው» እያልክ መምታት ክንድህን ያስረዋል። ጨዋታህ ራሱ ይበላሻል።

ኮሌጅ ግባ የምልህ ለዚህ ነው። ለአንተ ኮሌጅ ማለት በአብዛኛው በሌላ ሰው ወጪ አራት ዓመት ማደግ ማለት ነው። ሜዳ፣ አሠልጣኝ፣ ጂም፣ የፊዚዮ ሕክምና፣ ጉዞ፣ ሁሉንም ቡድኑ ይሸፍናል፣ ዲግሪውም አለ። ደግሞም ደካማ ውድድር እንዳይመስልህ፣ ከመላው ዓለም የመጡ፣ በዕድሜም በጉልበትም የሚበልጡህ ልጆች ናቸው የሚጠብቁህ። ካሜሮን ኖሪ ከቲሲዩ (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) ወጥቶ ከዓለም ስምንተኛ ደርሷል። ቤን ሼልተንን ተመልከት፤ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እያለ በ2022 የኮሌጆቹን የነጠላ ሻምፒዮና አሸነፈ፣ በዚያው ክረምት ፕሮ ሆነ፣ በ2023 መጀመሪያ አውስትራሊያ ላይ ሩብ ፍጻሜ ገባ። ከአሜሪካ ውጭ ሲጓዝ የመጀመሪያው ነበር! ኮሌጅ አላዘገየውም። ትምህርቱንም በኦንላይን ይከታተል ነበር።

አሠልጣኝህን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። መጥፎ ሰው ነው አልልም፣ አላውቀውም። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፤ ፕሮ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ወጪ ማን ይከፍላል? መልሱ «ቤተሰብህ» ከሆነና ከሚከፈለው ውስጥ የሱ ደመወዝ ካለበት፣ ምክሩን በዚያ ሚዛን ስማው።

ፕሮ ግባ የምልህ መቼ ነው? ከምረቃህ በፊት ቻሌንጀር በሚባሉት፣ ከኤም15 ከፍ ባሉ ውድድሮች ላይ ደጋግመህ እያሸነፍክ ከሆነ፣ ወይም የቴኒስ ፌዴሬሽኑ አሠልጣኝና ጉዞ ከቻለልህ፣ ወይም ስፖንሰር ቢያንስ ለሁለት ዓመት በጽሑፍ ከፈረመልህ። ከነዚህ አንዱም በደብዳቤህ ውስጥ የለም።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ለዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ኢሜይል ጻፍና ስኮላርሺፑ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ብትጎዳ ይቀጥል እንደሆነ ጠይቅ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። «ከፊል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይደብቃል። በወንዶች ቴኒስ ለረጅም ጊዜ አንድ ቡድን የሚከፋፈለው አራት ተኩል ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፣ አሁን ሕጉ ስለተቀየረ በብዙ ትምህርት ቤቶች ከፍ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ለመደራደር አትፈር። ባለፉት ዓመታት ከቡድኑ ተጫውተው ፕሮ የሆኑ ካሉም ጠይቅ። የቀረውን ክፍያ ደግሞ በፋፍሳ (የመንግሥት የተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) እና በሌላ እርዳታ መሙላት ይቻል እንደሆነ ከትምህርት ቤትህ አማካሪ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ሌላው፣ የሽልማት ገንዘብ ከመቀበልህ ወይም ከኤጀንት ጋር ወረቀት ከመፈረምህ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ኮምፕላያንስ ቢሮ (የስፖርት ደንቦችን መከበር የሚከታተለውን ክፍል) ጠይቅ። ከተመረቅክ በኋላ ብዙ ከዘገየህም የመጫወቻ ዓመት ሊቆረጥብህ ይችላል፣ ስለዚህ «አንድ ዓመት ልሞክርና እመለሳለሁ» የሚለው ሐሳብ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በክረምት ግን ኤም15 ተጫወት፣ ነጥብ ሰብስብ፣ ራስህን እዚያ ለካ። እንደ ሼልተን ጊዜው ሲደርስ ኮሌጁን አቋርጠህ ብትወጣ ማንም አይከለክልህም።

ከአባትህ ጋር ስታወራ ስለ ህልምህ አትጀምር። በዚህ ላይ የነገርኩህን ቁጥር አንድ ገጽ ላይ ጻፍና ምን እንደምታጠና፣ ስኮላርሺፑ ምን እንደሚሸፍን፣ ቴኒሱን እስከ መቼ እንደምትሞክረው አሳያቸው። «እስከ 23 ዓመቴ 250 ውስጥ ካልገባሁ በዲግሪዬ ሥራ እገባለሁ» የሚል ልጅ ያላቸው አባት በቀላሉ «አይሆንም» አይሉም። ለእናትህ ደግሞ ገንዘቡን እንደማትወስድ ራስህ ንገራት፣ ከአባትህ አፍ እንዳትሰማው።

የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ መልስ ሲመጣልህ ላክልኝ፣ ከመፈረምህ በፊት አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን።