ሴትየዋ ምን ትፈልጋለች?

ከኮምቦልቻ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የ15 እና የ17 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። የምናየው ፊልም ላይ ሴቷ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ሰርግ ትጠብቃለች። ጠንካራ ሴት ያለችበት ስጡኝ ስል ሽጉጥ የያዘች ይልኩልኛል። እንደኛ ሰው የሆነች ሴት ያለችበት ፊልም እንዴት ነው የማገኘው?» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እያፈላሁ ከአክስቴ፣ ከእህቴ ልጆችና ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ቤቴ ውስጥ ፊልም አያለሁ። አንቺ የገጠመሽ እኔንም ገጥሞኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ስህተቴን ልንገርሽ። ፊልም ከሚጭን ልጅ ዘንድ ሄጄ «ጠንካራ ሴት ያለችበት» አልኩት። ፍላሹን ሞልቶ ሰጠኝ። ሁሉም ላይ ሴትየዋ ትደባደባለች፣ ከፎቅ ትዘላለች፣ ሃያ ወንድ ብቻዋን ትዘርራለች። የእህቴ ልጆች መጀመሪያ ደስ አላቸው። ሦስተኛው ፊልም ላይ ስልካቸውን አወጡ። አክስቴ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ጋቢዋን ተከናንባ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «ይቺ ልጅ እናት የላትም? አይርባትም? ቆይ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ፊልሙ ራሱ መልስ የለውም። ጉልበት ሰጥቷታል፣ ፍላጎት ግን አልሰጣትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም የምመርጠው በአክስቴ ጥያቄ ነው።

ሌላው መለኪያዬ የመጣው ከታናሿ የእህቴ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ አምልጧት ስለነበር ታሪኩን እንድነግራት ጠየቀችኝ። ስተርክላት ከአፌ የሚወጣውን ሰማሁት። «ወደዳት፣ ከዳት፣ ከዚያ ተጸጽቶ ፈለጋት፣ አገባት።» ሁሉም በ«ት» ነው የሚያልቀው። ሴትየዋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስክሪኑ ላይ ነበረች፤ አንድም ነገር ግን አላደረገችም። ሁሉም ነገር የተደረገው እሷ ላይ ነው። አንቺም ሞክሪው። ያየሽውን ፊልም ለሰው ተርኪና ግሶችሽን አዳምጪ። «ሄደች፣ ሸጠች፣ ዋሸች፣ ተጸጸተች፣ ተመለሰች» እያልሽ ከሆነ ሰው አግኝተሻል ማለት ነው። «ዋሸች» የሚለውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ፍጹም የሆነችም ሴት እንደ ተደባዳቢዋ ባዶ ናት። ልጆችሽ ስትሳሳት ማየት አለባቸው።

አሁን ወደ ፊልሞቹ። ለጀማሪ የምመክረው «ዋጅዳ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የሳዑዲ ፊልም ነው። አዘጋጇ ሃይፋ አል መንሱር ትባላለች። ሙሉ በሙሉ እዚያው ሳዑዲ ውስጥ የተቀረጸ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም ነው። በዚያን ጊዜ እዚያ ሲኒማ ቤት እንኳን አልነበረም። አዘጋጇ ሪያድ መንገድ ላይ ከወንዶች ጋር ቆማ መሥራት ስለማትችል መኪና ውስጥ ተቀምጣ በመገናኛ ሬዲዮ ነበር ተዋናዮቹን የምትመራው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የ10 ዓመት ልጅ አረንጓዴ ብስክሌት ትፈልጋለች። በቃ። የእጅ አምባር እየሠራች ለክፍል ጓደኞቿ ትሸጣለች። ገንዘቡ አልሞላ ሲላት ለሽልማቱ ብላ የቁርኣን ውድድር ትመዘገባለች፣ ሌት ተቀን ትሸመድዳለች። «ች»ዎቹን ቁጠሪ።

እናቷም አለች። ባሏ ወንድ ልጅ ስላልወለደችለት ሌላ ሊያገባ ነው። ፊልሙ ግን እናቲቱን የሚያሳዝን ነገር ብቻ አያደርጋትም። ትቆጣለች፣ ትኳላለች፣ ትዘፍናለች፣ ልጇን ትጎዳለች፣ መልሳም ታቅፋታለች። አንድ ሴት ብቻዋን ጎበዝ የሆነችበት ፊልም ብዙ ነው። ትንሿም ትልቋም ሙሉ ሰው የሆኑበት ግን ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ብቻ የሚሠራ ዘዴ ልንገርሽ። ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ነው ብለሽ አትጨነቂ። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ዘመድ ወይ ጎረቤት የላትም የምትባል የወሎ ሴት ማን ናት? እሷን ጥሪያት። «ዋጅዳ»ን የተረጎመችልን አክስቴ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ጅዳ ሁለት ዓረፍተ ነገር አውርታ አታውቅም። ልጅቷ ጣሪያ ላይ ብስክሌት ስትለማመድ መተርጎሟን አቆመች። «እኔም ጣሪያ ነበረኝ፤ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ሰማይ የማየው እዚያ ብቻ ነበር» አለች። ፊልሙን አስቁመን አዳመጥናት። ቡናው በረካ ደርሶ ነበር፣ ማንም አልቀዳም። በዕውቀት የማትታማው ትልቋ የእህቴ ልጅ አክስቴ ዓረብኛ አቀላጥፋ እንደምትችል ያወቀችው ያን ቀን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ዛሬስ የዓረብ የለም?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት።

ቀጥሎ የናዲን ላባኪን «ከፐርነም» እዪ። ስሙ የመጽሐፍ ቅዱሷ ቅፍርናሆም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ሽልማት ያገኘ የሊባኖስ ፊልም ነው። ዋናው ገፀ ባሕርይ ዘይን የሚባል ልጅ ነው። ራሔል የምትባል ኢትዮጵያዊት ግን አለችበት፤ ዮርዳኖስ ሽፈራው ናት የምትጫወታት። ቤሩት ውስጥ ወረቀት የሌላት እናት ናት። ሕፃን ልጇን የምትሠራበት ቦታ ሽንት ቤት ውስጥ ደብቃ ታጠባዋለች። ትዋሻለች፣ የሐሰት ወረቀት ትጠቀማለች፣ ልጇን ከመንገድ ላገኘችው ልጅ ትታ ሥራ ትሄዳለች። እኛ ቤት ይህ ፊልም ጠብ አስነስቷል። አንዷ ጎረቤቴ «እንዴት ለማታውቀው ልጅ ትተዋለች?» አለች። ቤሩት የነበረችው ሌላዋ «እና ምን ታድርግ? አንቺ ብትሆኚ?» ብላ ተነሳችባት። እስከ ማታ ተከራከርን። ሰው ስለ ሽጉጥ ያዥዋ ሴት እንዲህ ሲከራከር ሰምቼ አላውቅም። የሊባኖስ ዓረብኛ ለአክስቴ ትንሽ ስለሚከብዳት ያን ቀን አስተርጓሚያችን የቤሩቷ ነበረች።

ክርክር ከወደዳችሁ የአስግሃር ፋርሃዲን «ኤ ሴፓሬሽን» ጨምሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የኢራን ፊልም ነው። ባልና ሚስት ሊፋቱ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ራዚዬ የምትባል ሴት የታመሙ ሽማግሌ ልትጠብቅ ትቀጠራለች። ሽማግሌው ልብሳቸውን ሲያበላሹ ማጠብና መቀየር ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን ብላ ስልክ ደውላ ትጠይቃለች። ያ ትዕይንት ደሴ ውስጥ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት በከበበበት ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ልነግርሽ አልችልም። መጨረሻ ላይ ገንዘብ የሚያስገኝላት አንድ መሐላ አለ። ቁርኣን ላይ እጇን አድርጋ እንድትምል ይጠብቋታል። ምን እንደምታደርግ አልነግርሽም። ለእኔ ያየሁት ትልቁ ጥንካሬ ግን እሱ ነው፤ ድምፅዋ እንኳን ከፍ አይልም።

የሴኔጋሉ ዑስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራውን «ብላክ ገርል» ቀድመሽ ብቻሽን እዪው። አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከዳካር ወደ ፈረንሳይ ልጆች ልትጠብቅ ሄዳ የቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ታሪክ ነው። ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ ወለል ትወለውላለች። እመቤቲቱ ጫማውን አውልቂ ትላታለች። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መጨረሻው ግን ከባድ ነው። የ15 ዓመቷን ትንሽ አቆይያት፣ ወይም አጠገቧ ሆነሽ አሳያት። የዚሁ ሰው «ሙላዴ» (እ.ኤ.አ. በ2004) ስለ ግርዛት ነው። አራት ሴት ልጆችን ቤቷ ደጃፍ ላይ ገመድ ወጥራ ስለምታስጠልል እናት ነው። የመንደሩ ወንዶች የሴቶቹን ሬዲዮ ሰብስበው ያቃጥላሉ። እሱን ሳትሰጊ ለሁለቱም አሳያቸው።

በአማርኛስ? «ድፍረት» አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። ስሙ ሁለት ፍቺ እንዳለው ለልጆችሽ ንገሪያቸው፤ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድላለች። ሜሮን ጌትነት የምትጫወታት ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ በእውነትም ያለች ሴት ናት። ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበረች። እዚህ ፊልም ላይም መሣሪያ አለ፤ ግን ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ያለው ፍርሃት፣ ፋይል ይዞ መመላለሱ፣ ደጅ መጥናቱ ነው ፊልሙ። አንድ ነገር ግን አትዝለዪ። አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር። ታሪኩ የእሷ የሆነው ሴት ሳልፈቅድ ተሠራብኝ በማለቷ ነው። ስለ አንዲት ሴት መብት የተሠራ ፊልም የራሷን ፈቃድ ጠይቋል ወይ? የ17 ዓመቷ ልጅሽ በዚህ ላይ የምትለው ይኖራታል።

«ላምብ» የሚባለው የያሬድ ዘለቀ ፊልም ላይ ደግሞ ጽዮንን አደራ። ማንበብ የምትወድ፣ ለማግባት የማትቸኩል የገጠር ልጅ ናት። ቦታዋ ትንሽ ነው፣ ግን ትዝ ትለኛለች።

ሁልጊዜ የሚቆጨኝን ልንገርሽ። የራሳችን የወሎዋ ገዢ ወርቂት ፊልም አልተሠራላቸውም። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወርቂት ግዛት ገቡ። የወርቂት የገዛ ልጅ ደግሞ መቅደላ ላይ በአጼ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። እንግዳውን መልሰው ቢሰጡ ልጃቸውን ማስፈታት ይችሉ ይሆናል። ምኒልክ ወደ ሸዋ ተሻገሩ፤ የወርቂት ልጅ ተገደለ። ያቺን ሌሊት አስቢያት። እናት፣ ገዢ፣ የተበቀለች፣ የተጎዳች፣ ሁሉም በአንድ ሴት። ከልጆችሽ አንዷ መጻፍ የምትወድ ከሆነ ይህንን ንገሪያት።

ከዚህ በኋላ ራስሽ ለምትፈልጊው ትንሽ ምክር። የተዋናይዋን ሳይሆን የአዘጋጇን ስም ያዢ። ናዲን ላባኪን ከወደድሽ በፊት የሠራችውን «ካራሜል» ፈልጊ፤ ቤሩት ውስጥ ባለ የውበት ሳሎን ያሉ ሴቶች ናቸው። «ጠንካራ ሴት» ብለሽ ከመፈለግ ይልቅ «እናት»፣ «ነርስ»፣ «ነጋዴ»፣ «እህትማማቾች» እያልሽ ፈልጊ። ሥራ ያላት ሴት ብዙ ጊዜ ፍላጎትም አላት። አሊሰን ቤክደል እ.ኤ.አ. በ1985 በካርቱን ያወጣችው መለኪያም አለ። ሁለት ሴቶች አሉ ወይ? እርስ በርስ ያወራሉ ወይ? ስለ ወንድ ያልሆነ ነገር ያወራሉ ወይ? ጥሩ ወንፊት ነው፣ ግን በሱ ብቻ አትመኚ። ስለ ቀሚስ ሁለት ደቂቃ አውርተው የሚያልፉ ከንቱ ፊልሞች አሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች አይቼ ሴትየዋ ማንም ሳያያት ምን እንደምታደርግ ካላሳየኝ አጠፋዋለሁ።

የሀረጎን ዳገት መውጣት ካልከበዳችሁ አንድ ቅዳሜ ሦስታችሁም ኑ። መብራት ከሄደም የላፕቶፑ ባትሪ አንድ ፊልም ያስጨርሳል። ለእናንተ የምንከፍተው «ዋጅዳ»ን ነው። አክስቴ አራተኛ ጊዜዋ ይሆናል። አሁንም ጣሪያው ሲመጣ ስኒዋን ታስቀምጣለች።