ጥያቄና መልስ፦ ጌሙ ካለቀ በኋላ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ለዓመታት አብረናቸው የኖርን ባለታሪኮች ያሉበት ጌም ሲያልቅ ምን እንሆናለን? አብዛኞቻችሁ የጻፋችሁት ስለ ማስ ኢፌክት ሦስተኛ ክፍል ነው። ባዮዌር የተባለው ኩባንያ የሠራው የጠፈር ጌም ነው፤ ሼፐርድ የሚባል አዛዥ ሆነን ጋላክሲውን ሪፐር ከሚባሉ ግዙፍ አጥፊ ማሽኖች እንከላከላለን። ስለዚህ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ ከዚህ በታች መጨረሻው በግልጽ ይነገራል። ገና እየተጫወታችሁ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በቪዲዮ ስላየ በቀጥታ ከሦስተኛው ቢጀምር ምን እንደሚጎድልበት የጠየቀ አለ።

ጓድህ ሬክስ ይጎድልብሃል። የቀድሞ ሴቭ ፋይል (የተጫወትከው የተቀመጠበት ፋይል) ከሌለህ ሦስተኛው ክፍል ሬክስን ሞቷል ብሎ ይጀምራል፤ በቦታው ወንድሙ ሪቭ ይጠብቅሃል። ከአንደኛው ጀምር።

ሌላው ጌሙን ያገኘው በ2021 በወጣው ሌጀንደሪ ኤዲሽን ነው። መጨረሻውን ወዶታል። በ2012 ሰው ለምን እንደዚያ እንደተቆጣ አልገባውም። “ደስ የሚል መጨረሻ ስላላገኙ ነው አይደል ያኮረፉት?” ይላል።

አይደለም። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ያመኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ አንተ ያየኸው መጨረሻና ሰው በማርች 2012 ያየው አንድ አይደሉም። አንተ ያየኸው ባዮዌር ከቁጣው በኋላ ያስተካከለውን ነው።

አንደኛው ክፍል በኖቬምበር 2007 ወጣ። ሁለተኛው በጃንዋሪ 2010 ተከተለ። የሠራኸው ሁሉ በሴቭ ፋይልህ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ቨርማየር በምትባለው ፕላኔት ላይ ከጓዶችህ ከአሽሊና ከካይደን አንዳቸውን ትተህ መሄድ ግድ ነበር፤ የተውከው ሰው በሦስተኛውም ክፍል የለም። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ የትኛውን ሥራ ለማን እንደሰጠህ፣ ማን በሕይወት እንደሚወጣና ማን እንደሚቀር ይወስናል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሁሉ ከአራት ዓመት በላይ ይዞ ነው ሦስተኛው ላይ የደረሰው። ፊልም የሚያይ ሰው የሌላውን ዕጣ ነው የሚከታተለው። እዚህ ግን እያንዳንዷን ውሳኔ የወሰንከው አንተ ነህ።

ታዲያ መጨረሻው ላይ ምን ሆነ? ሼፐርድ ቆስሎ፣ እየተንገዳገደ ሲታደል የሚባለው ግዙፍ የጠፈር ጣቢያ ላይ ይወጣል። ከዚያ በፊት አንድም ቃል ተለዋውጠነው የማናውቅ፣ የሕፃን መልክ የለበሰ አእምሮ ይመጣና ሦስት መንገድ ያቀርብለታል። ሪፐሮቹን ማጥፋት፣ መቆጣጠር፣ ወይም ሕይወት ያለውን ከማሽኑ ማዋሃድ። ሼፐርድ አንዱን ይመርጣል፤ ብርሃን ይፈነዳል። ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ። ከቀለሙ ሌላ የሚታየው ትዕይንት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር። የጌሙ ዳይሬክተር ኬሲ ሃድሰን ደግሞ መጨረሻው ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ የሚቆጠር ዓይነት እንደማይሆን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

ሁለት ነገር በተለይ ልንገርህ፤ ሰውን ያንገበገቡት እነዚህ ናቸው።

አንደኛው፣ ታሪኩ የራሱን ሕግ ረሳ። በሁለተኛው ክፍል ተጨማሪ ምዕራፍ ላይ አንዱ ማስ ሪሌይ፣ መርከቦችን ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያሻግር ግዙፍ መሣሪያ፣ ሲወድም ያለበትን የፀሐይ ሥርዓት ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል። ባታሪያን ከሚባሉት ፍጡራን ከ300,000 በላይ ያልቃሉ። ሪሌዩን ያወደመው ራሱ ሼፐርድ ነው፤ በዚህም ይከሰሳል። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ግን የጋላክሲው ሪሌዮች በሙሉ ሲፈነዱ እናያለን። ታዲያ ሰው ምን ይበል? ጋላክሲውን አዳንኩት ወይስ ጨረስኩት ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አልነበረም።

ሁለተኛው ጋረስ ነው። ለንደን ላይ ወደ ሲታደል ወደሚያወጣው ጨረር ስትሮጥ ከጎንህ ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ከመርከባችሁ ከኖርማንዲ ጋር አንድ የማይታወቅ ፕላኔት ላይ ተከስክሶ፣ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ታየዋለህ። መቼ ተሳፈረ? ጥሎህ ሸሸ? ጋረስን የሚያውቅ ሰው ይህን መቼም አይቀበልም። እንደ ጋረስ ያለ ጓደኛን በእንዲህ ዓይነት የአርትዖት ዝርክርክነት ከሃዲ ማስመሰል ትልቅ ጥፋት ነው።

የተጫዋቾቹም ምላሽ እንደሚወራው ጩኸት ብቻ አልነበረም። አንዳንዶች ገንዘብ አዋጥተው ከ80,000 ዶላር በላይ ለታመሙ ሕፃናት ለሚሠራው ቻይልድስ ፕሌይ ለተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጡ። ሌሎች ወደ 400 የሚጠጉ ኬኮች ለባዮዌር ላኩ። ክሬማቸው ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ነበር፤ ጣዕማቸው ግን ሁሉም ቫኒላ። ከዚህ የጠራ የጌም ሂስ እስካሁን አላነበብኩም።

በጁን 2012 ባዮዌር የተሻሻለውን መጨረሻ በነፃ ለቀቀ። ምን እንደጨመሩ ልብ ብለህ እይ። ኖርማንዲ ወርዳ ቁስለኛ ጓደኞችህን ለንደን ላይ ስታነሳ የሚያሳይ ትዕይንት ገባ። ሪሌዮቹ ተጎድተው እንጂ እንዳልነበሩ ሆነው እንዳልጠፉ ታየ። ሕዝቦቹና ጓደኞችህ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሱ የሚያሳይ መዝጊያ ተጨመረ። አራተኛ ምርጫም መጣ፤ የሕፃኑን ሐሳብ በሙሉ አልቀበልም ማለት ይቻላል። ያን ከመረጥክ ሁሉም ያልቃል። ደስ የሚል መጨረሻ የቱ ጋ አለ? ሼፐርድ እንደሆነ አሁንም መስዋዕት ይሆናል። የሁሉም ቁጣ አልበረደም፤ የብዙዎቹ ግን በረደ። ምክንያቱም የጠየቁት “ያደረግኩት ነገር የት ደረሰ?” የሚለውን ነበር። ያም ጥያቄ መልስ አገኘ።

እኔ የማምነው ይህንን ነው። ረጅም ታሪክ ለተጫዋቹ የደስታ ዕዳ የለበትም። ያለበት የመልስ ዕዳ ነው። የመረጥከውን አይቻለሁ፣ ይኸውልህ ያስከተለው ነገር ብሎ ማሳየት አለበት። ይህን ዕዳ የከፈለ ጌም ባለታሪኩን ገድሎ እንኳ ይወደዳል።

በኮንሶል ላይ፣ ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩትን ደስ የሚል መጨረሻ መጫን ይቻል እንደሆነ የጠየቀ አለ።

አይቻልም። እንዲህ ያሉት ሞዶች በኮምፒውተር ብቻ ነው የሚሠሩት።

አንዲት አንባቢ ሼፐርድን ለንደን ላይ የሪፐር ጨረር ከመታው በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በሪፐሮቹ የተያዘ አእምሮው የፈጠረው ቅዠት ነው የሚለውን ትንታኔ እቀበል እንደሆነ ትጠይቃለች። ማስረጃ ዘርዝራ ሦስት ገጽ ጽፋለች።

ሦስቱንም ገጽ አንብቤያለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው። በሼፐርድ ሕልሞች ውስጥ የምናያቸው ዓይነት ቁጥቋጦዎች ከጨረሩ በኋላ መታየታቸው፣ ማጥፋትን ለመረጠና በቂ ጦር ላሰባሰበ ሰው ብቻ ፍርስራሽ ውስጥ ትንፋሽ የሚስብ ሰው መታየቱ፣ ሁሉም እውነት ነው። ባዮዌር ግን ትንታኔውን አላጸደቀውም፤ የተሻሻለው መጨረሻም የተከተለው መንገድ ሌላ ነው። እኔም አልቀበለውም። አንቺ ግን ጌሙን የምታነቢበት መንገድ አድርገሽ ልትይዢው መብትሽ ነው። ያን ያህል ሰው ይህን ያህል ደክሞ ማስረጃ የሰበሰበው ታሪኩን ስለወደደው ነው።

አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸው ሞርዲን የሚባል ገጸ ባሕርይ ሲሞት ክፍሉን ዘግቶ እንዳለቀሰ ጽፈዋል። ማሳሰብ ያለበት ነገር ነው ወይ?

አያስቡ እናቴ። ሞርዲን ሳይንቲስት ነው። አንድ ሕዝብ እንዳይራባ የሚያደርገውን በሽታ ካጠናከሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። በመጨረሻ መድኃኒቱን ለመርጨት፣ እንደማይመለስ እያወቀ፣ እያንጎራጎረ ማማው ላይ ይወጣል። ልጅዎ ያለቀሰው ጥፋቱን በሕይወቱ ለከፈለ ሰው ነው። ይህ ርኅራኄ ነው። ታሪኩን እንዲነግርዎ ይጠይቁት፤ ደስ ብሎት ይነግርዎታል። አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ ጌሙ በአሜሪካ የተመደበው ከ17 ዓመት ጀምሮ ላሉ ነው፣ ስለዚህ አንዳንዴ አብረውት ቢቀመጡ አይከፋም። ሌላ የሚያሳስብ ነገር ካዩ ሐኪም ያማክሩ።

በመጨረሻው ስለተናደደ ለአንዲት የጌም ጸሐፊ በግል አድራሻዋ “የሚገባትን ነገር” እንደላከላትና ትክክል መሆኑን እንዳረጋግጥለት የጠየቀኝ ሰው አለ።

አላረጋግጥልህም። የጌም መጨረሻ የብዙ ሰው፣ የበጀትና የጊዜ ገደብ ውጤት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይወስነውም። ቢወስነው እንኳ ሰውን መስደብና ማስፈራራት ሂስ አይሆንም። የላክኸውን አጥፋና ይቅርታ ጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አትጻፍላት። ስለ ሥራው ልትናገር ከፈለግህ የትኛው ትዕይንት ለምን እንዳልሠራ አስረዳ። ኬኮቹን የላኩት ሰዎች ማንንም ሳይሰድቡ የፈለጉትን ሁሉ ተናግረዋል።

አንዱ ወጣት ሦስቱንም ክፍል ከጨረሰ ጀምሮ ሌላ ጌም ከፍቶ ከደቂቃዎች በኋላ ይዘጋዋል። ባዶነት ይሰማዋል። ያፍራልም።

አትፈር። ከመቶ ሰዓት በላይ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነበርክ። በየተልዕኮው መሃል መርከቡ ውስጥ እየዞርክ ከእያንዳንዳቸው ጋር ታወራ ነበር፤ ያ ልማድ በአንድ ቀን ተቋረጠብህ። በዚያ ላይ ወዲያው ሌላ ረጅም ታሪክ መጀመር አይጠቅምም፤ አዲሶቹን ባለታሪኮች ከአሮጌዎቹ ጋር እያወዳደርክ ትጠላቸዋለህ። ጥቂት ቀን ተወው። ጌሙን ለተጫወተ ሰው ደውልና የሆነውን አውራ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲያወሩት ይቀላል። ሳምንታት አልፈው ሥራህን፣ ትምህርትህን ወይም ምግብህን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ ጋ ሂድ።

ይህኛው ደብዳቤ ከሌሎቹ ይለያል። ጸሐፊዋ አባቷ ሲሞት አላለቀሰችም። በቅርቡ ቱ ዘ ሙን የሚባለውን ጌም ጨርሳ ማልቀስ ጀመረች፤ ማቆም አቅቷታል። እንቅልፍ የላትም፤ አንዳንዴ ለምን እኖራለሁ እንደምትልም ጽፋለች።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን አድርጊ። ደብዳቤው ላይ የጻፍሽውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ ለምታምኚው አንድ ሰው በቃልሽ ንገሪ። ከዚያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂጂ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ያ ሰው ይውሰድሽ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ቅርብሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እለምንሻለሁ።

ስለ ጌሙ ደግሞ ይህን ልበልሽ። ቱ ዘ ሙን የካን ጋኦ ሥራ ነው፤ በ2011 የወጣ፣ በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ ትንሽ ጌም። ሁለት ሐኪሞች በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሽማግሌ ትዝታ ውስጥ ገብተው ከአሁኑ ወደ ልጅነቱ፣ ወደ ኋላ ይጓዛሉ። አንድን ሰው ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ መጀመሪያው መመለስ አባቱን ያጣ ልጅ የሚያደርገው ነገር ነው። ስለዚህ ጌሙ ያመጣብሽ አዲስ ሐዘን የለም፤ የነበረውን ነው የከፈተው። ማልቀስሽ በራሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ እንቅልፍ ማጣትሽና የጻፍሽው ሐሳብ ነው፤ ለዚያ ነው ባለሙያ የምለው። ተከታታዮቹን፣ ፋይንዲንግ ፓራዳይዝንና ኢምፖስተር ፋክተሪን፣ ለጊዜው አትንኪያቸው። ስትሻይ ትመለሽባቸዋለሽ። እባክሽ ባለሙያ ካየሽ በኋላ ጻፊልኝ።

ከተከታታይ ጌሞች ሁሉ የተሻለው መሰናበቻ የቱ ነው?

ለእኔ የዊቸር 3 የመጨረሻ ተጨማሪ ምዕራፍ፣ በ2016 የወጣው ብለድ ኤንድ ዋይን ነው። ባለታሪኩ ጌራልት ቤቱ ተቀምጦ እንግዳ ይመጣለታል፤ እንግዳው ማን እንደሚሆን ቀደም ሲል በመረጥከው ይወሰናል። በምዕራፉ መዝጊያ ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ አንተ ያዞርና ፈገግ ይላል። ከላይ ዕዳ ያልኩት እንዲህ ነው የሚከፈለው።

ሲታደል የተባለውን የማስ ኢፌክት 3 ተጨማሪ ምዕራፍ መቼ ልጫወተው?

ሰርበረስ የተባለውን ድርጅት ዋና ጣቢያ ከማጥቃትህ በፊት። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። ጓድህ ቴን ሞቶ የተሰናበተህ ከሆነ የመታሰቢያ ዝግጅቱን እንዳታልፈው። ጌሙን ጨርሰው፣ ወደ ቀድሞ ሴቭ ፋይል ተመልሰው ይህን ምዕራፍ ለመጨረሻ የሚያስቀሩም አሉ፤ ጓደኞችህ ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ሲጨፍሩ እያየህ መሰናበት ከፈለግህ ያም ያስኬዳል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከብዙ ሰው የመጣ ነው፤ ከማስ ኢፌክት 3 ሦስት መጨረሻዎች የቱን መረጥክ?

ማጥፋትን። ውሳኔው የመርከቧን ሰው ሠራሽ አእምሮ ኢዲን ይገድላል፤ ሰላም ያወረድኩላቸውን፣ ጌዝ የተባሉትን ማሽኖችም ይጨርሳል። ይህን እያወቅኩ ነው የመረጥኩት፤ እስካሁንም ይከብደኛል። ማዋሃድን ያልመረጥኩት የጋላክሲውን ፍጡር ሁሉ ሳልጠይቅ አካሉን መለወጥ መብቴ ስላልመሰለኝ ነው። መቆጣጠርን ደግሞ የሰርበረስ መሪ ኢሉሲቭ ማን ሲመኘው አይቻለሁ፤ ወዴት እንዳደረሰውም አይቻለሁ። ሌላውን መርጣችሁ ምክንያታችሁን ልትነግሩኝ የምትፈልጉ ጻፉልኝ፤ በተለይ ማዋሃድን የመረጣችሁ።