ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ፦ አምባዋ የምትናደው ከሥር ነው

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው፦ ጣሊያን ውስጥ ያለችው መንደር ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ «የምትሞት ከተማ» የተባለችው ለምንድን ነው፣ እውነት የመካከለኛው ዘመን መንደር ናት ወይ፣ ከሮም ተነስቶ ከእናት ጋር በአንድ ቀን ደርሶ መመለስስ ይቻላል ወይ። ከጥያቄሽ ሥር ደግሞ «የቱሪስት ብዛት እያፈረሳት ነው» የሚል መልስ አየሁ። ስህተት ስለሆነ ከእሱ ልነሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቺቪታ ዙሪያዋ ገደል፣ አናቷ ጠፍጣፋ ነው። አምባ የሚለው ቃል ልክክ ይልላታል። ችግሩ አምባዋ የቆመችበት መሠረት ላይ ነው። የላይኛው ክፍል ቱፎ ይባላል፤ በቦልሴና ሐይቅ አካባቢ የነበሩ እሳተ ገሞራዎች የተፉት አመድና ፍርስራሽ ተጨምቆ የጠነከረ ነው፤ ጠነከረ ይባል እንጂ በመሮ የሚፈለፈል ድንጋይ ነው። ከእሱ በታች ያለው ግን ድንጋይ አይደለም፤ ጥንት ባሕር ሥር የተከማቸ ግራጫ ሸክላ አፈር ነው። ሸክላ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲደጋገምበት ተጠርጎ ይወርዳል። በግራና በቀኝ የሚወርዱት ሁለት ጅረቶች ደግሞ እግሩን ይበሉታል። ሸክላው ሲሸሽ ከላይ ያለው ቱፎ መቆሚያ ያጣል፤ ከጫፉ ጋር ትይዩ የሆኑ፣ ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚወርዱ ስንጥቆች ይከፈታሉ፤ አንድ ቀን ግድግዳ የሚያህል ቋጥኝ በላዩ ካለው ነገር ጋር ተገንድሶ ይሄዳል። የጎብኚ እግር እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ገደሉን በብረት ዘንግ መስፋትም ድንጋዩን ከድንጋይ ያያይዛል እንጂ ከሥር ያለውን ሸክላ አያስቆመውም። ወሳኙ የውኃ ጉዳይ ነው፦ ከጣሪያና ከመንገድ የሚወርደው የት ይፈሳል፣ ጅረቱስ የቱን ዳገት ይመታል።

የመካከለኛው ዘመን መንደር ናት የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከሮማውያን በፊት የነበሩት ኤትሩስካውያን የሰፈሩባት ከዛሬ 2500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ፖርታ ሳንታ ማሪያ በሚባለው የመንደሯ በር ስትገቢ ቅስቱ የመካከለኛው ዘመን ነው፤ የምትረግጪው ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ መተላለፊያ ግን የኤትሩስካውያን ነው ይባላል። በሩ ላይ የሰው ጭንቅላት በመዳፋቸው የያዙ የድንጋይ አንበሶች አሉ፤ ሕዝቡ በአቅራቢያዋ ባለችው ከተማ በኦርቪየቶ ገዢ ቤተሰብ በሞናልዴስኪዎች ላይ ማመፁን ለማስታወስ የተቀረጹ ናቸው። በቤቶቹ ሥር ያሉት ዋሻዎች በየዘመኑ መቃብርም፣ የወይን ጠጅ ማስቀመጫም፣ የወይራ መጭመቂያም ሆነዋል። መካከለኛውን ዘመን ማየት ከፈለግሽ ደረጃዎቹን ተመልከቺ። ብዙዎቹ ቤቶች በውጭ በኩል የድንጋይ ደረጃ አላቸው፤ ከታች ከብትና ዕቃ፣ ከላይ ሰው የሚኖርበት አሠራር ነው። በቪቴርቦ አካባቢ ፕሮፈርሎ ይሉታል።

መንደሯን የጎዳት ትልቁ ክስተት የ1695ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። እስከዚያ ድረስ የአስተዳደሩም የጳጳሱም መቀመጫ እዚህ ነበር፤ የሳን ዶናቶ ቤተ ክርስቲያንም ካቴድራል ነበር። ከዚያ በኋላ ጳጳሱም ሹማምንቱም ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ሰፈር፣ ዛሬ ባኞሬጆ ወደሚባለው ተሻገሩ። ሕዝቡም ተከተለ። ሁለቱን የሚያገናኘው የመሬት ወገብ እየተሸረሸረ ሲሄድ ቺቪታ እንደ ደሴት ቀረች። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ሊቅ ቅዱስ ቦናቬንቱራ ተወልዶበታል የሚባለው ቤት እንኳ ከገደሉ ጋር ሄዷል። በሩን አልፈሽ ብዙም ሳትርቂ አንድ የቤተ መንግሥት ፊት ግድግዳ ታያለሽ፤ ቀና ብለሽ በመስኮቶቹ ውስጥ ስታዪ ሰማይ ነው። ከኋላው የነበረው ቤት ወድቋል። ብዙ ሰው ፎቶ ሳያነሳው ነው የሚያልፈው፤ ለእኔ ግን ከአደባባዩ ይልቅ የመንደሯን ታሪክ የሚናገረው እሱ ነው።

አሁን ያለው የእግረኛ ድልድይ የተሠራው በ1965 ነው። መግቢያ መከፈል የጀመረው በ2013 ሲሆን አሁን 5 ዩሮ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት ሰዎች አሥራ ምናምን ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት ቤቶች ወይ ማረፊያ ወይ ምግብ ቤት ሆነዋል። ቱሪስት ጎድቷታል የሚል ሰው በዚህ በኩል ቢከራከር ይሻለዋል። ዕቃ የሚገባው በድልድዩ ላይ በሚያልፉ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች ነው፤ የባጃጃችን ዘመዶች በያቸው።

መንገዱን በተመለከተ ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ከሮማ ቴርሚኒ በባቡር ወደ ኦርቪየቶ ውጪ፤ በዘገምተኛው ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከዚያ የኮትራል አውቶቡስ ባኞሬጆ ድረስ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያደርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው፦ እሑድና በበዓል ቀን ከኦርቪየቶ አውቶቡስ የለም፣ ሕዝብ የሚጨናነቀው ደግሞ በእነዚሁ ቀናት ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ብትመርጪ ይሻላል። ከአውቶቡሱ ወርዶ እስከ ድልድዩ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእናትሽ ከመኪና ማቆሚያው የሚነሳ አነስተኛ አውቶቡስ አለ።

ድልድዩ 300 ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ላይ ይቀላል፣ መጨረሻው ላይ ግን ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ ጥላ የለውም፣ ነፋሱም ይገፋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ጠዋት ሳይሞቅ ይውጡ፣ መሃል ላይ መደገፊያውን ይዘው ይረፉ። ተሽከርካሪ ወንበር ግን አይታሰብ። መውጣቱ ካልሆነላቸው ከድልድዩ ወዲህ፣ በባኞሬጆ በኩል ካለው መመልከቻ መንደሯም ነጩ የሸክላ ሸንተረርም ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ከመግቢያ መክፈያው በፊት ስለሆነ አይከፈልበትም። የመመለሻውን የአውቶቡስ ትኬት ስትሄጂ ኦርቪየቶ ላይ አብረሽ ግዢ፤ ባኞሬጆ ላይ የሚሸጡት ሱቆች ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ። የመጨረሻውም አውቶቡስ የሚነሳው ገና ሳይመሽ ስለሆነ ሰዓቱን ከመውረድሽ በፊት ሹፌሩን ጠይቂው።