ኩላሊቴን ብርድ መቶኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፣ የባሕር ዳር ልጅ። በጥር ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ድንኳን ተክለን አደርን። ዝናብ አልነበረም፤ ጠዋት ግን ስሊፒንግ ባጌ (የመኝታ ከረጢቴ) ርሶ አገኘሁት። ሌሊቱን ስንቀጠቀጥ አደርኩ፣ ሦስቴም ለሽንት ወጣሁ። ወገቤን እስካሁን ይዞኛል። እናቴ «ብርድ ኩላሊትህን መቶህ ነው» ትላለች። በቅርቡ ልንደግመው ስላሰብን ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ ብናስገባስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ከሰሉን ይተዉት። ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ቢቀርም ጋዙ አያቆምም። ንቁ ሰው ራሱን ሲያመው ይወጣል፤ የተኛ ሰው ግን እንደተኛ ይቀራል። በሩን ገርበብ አድርገነዋል ብላችሁም አትተማመኑ።

ወደ እናትዎ ልምጣ። ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን ብርድ ኩላሊት አይመታም። ሲበርደን የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ። ደሙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ኩላሊት ፈሳሽ የበዛ መስሎት ያስወጣዋል። ሦስቴ ያስወጣዎት ይኸው ይመስለኛል፤ የጤነኛ ኩላሊት ሥራ ነው። ወገብዎ ደግሞ ጠንካራ መሬት ላይ ተኮራምተው ስላደሩ ይሆናል። ሽንት ካቃጠለዎት፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ትኩሳት ካለዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሽንት ይመርመሩ።

ስሊፒንግ ባግዎን ያራሰው ውሃ ከየት መጣ? ከራስዎም ጭምር ነው። ስሊፒንግ ባግ ሙቀት አይፈጥርም፤ የእርስዎን ይዞ ያቆያል እንጂ። እንደ ጋቢ ጭንቅላትዎ ድረስ ተከናንበው ከተኙ (ሁላችንም የምናደርገው ነው) ትንፋሽዎ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ወደ ውጭ የወጣው ትንፋሽ ደግሞ የድንኳኑን ቀዝቃዛ ሸራ ሲነካ፣ እንደ ድስት ክዳን ያንጠባጥባል። ስለዚህ አፍና አፍንጫዎን ወደ ውጭ ያድርጉ፤ ጭንቅላትዎን በኮፍያ ይሸፍኑ። የድንኳኑን መስኮት የትንኝ መረቡን ሳይነኩ ይክፈቱት። ከውሃው ራቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ ይትከሉ። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅታ ነው የሚወርደው።

ብርዱ ደግሞ ከላይ ብቻ አይመጣም። ከሥርዎ ያለው የስሊፒንግ ባግ ክፍል በክብደትዎ ይጨፈለቃል፤ አየር ካልያዘ አያሞቅም። ከላይ ሌላ ብርድ ልብስ ከመደረብ ከሥር ስፖንጅ ማንጠፍ ይሻላል። ቀን የለበሱት ልብስ ላብ ጠጥቷል፤ ካልሲውንም ጨምሮ ይቀይሩት። ከመኝታ በፊት በሶ ወይም ጭኮ ይቅመሱ። አረቄ ግን ይቅር። ቆዳን ያሞቃል፣ የውስጡን ሙቀት ያባክናል።

ከመካከላችሁ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ከተደናገረ፣ ርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ በደረቅ ጠቅልሉትና ወደ ሕክምና ውሰዱት። ከተመለሳችሁ ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ትኩሳት ቢጀምርዎ ደግሞ «ብርድ ነው» ብለው አይተኙ። ጣና ዳር ማደርዎን ተናግረው የወባ ምርመራ ያድርጉ።